መኪና ውሃ አይጠጣም!

«አሮጌ ስለሆነች ነው ውሃ የምትጠጣው፣ ጨምርበትና ንዳ» የሚል ምክር በየሾፌሩ አፍ ሲዞር ዝም ማለት አልቻልኩም። ይሄ ምክር ሞተር ገዳይ ነው!

ኩላንት እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ደጋግሞ ከቀነሰ አንድ ቦታ እየወጣ ነው። በሃይላንድ የቧንቧ ውሃ መሙላት ቀዳዳ አይደፍንም። የለንደን ውሃ ማንቆርቆሪያችሁን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ፤ ያው ነጭ ኖራ ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ደፋኝ የሚባለው ፈሳሽም ቀዳዳውን ከደህናው አይለይም፤ የሂተሩን ቀጭን መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል።

ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ላይ ትራፊክ ሲዘጋጋ ንፋስ የለም። ሞተሩን የሚያተርፈው ኩላንቱና ፋኑ ነው።

ፍለጋው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ (ትኩስ ክዳን እንዳትከፍቱ፣ ፊት ያቃጥላል!) በቱቦዎቹ ማያያዣና በውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ ቀለም ፈልጉ፤ የቶዮታው ሮዝ ነው። ከፊት ምንጣፉ ርሶ ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ ሂተሩን ጠርጥሩ። ጠብታ ሳይታይ ከቀነሰ ጋራዥ ወስዳችሁ በግፊት አስፈትሹ፤ የቴስታታ ጋስኬት ሊሆን ይችላል። በ2009 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ በዚህ ይታወቃል።

ቱቦ ማስቀየር የሰዓታት ሥራ ነው። ቴስታታ ማስወረድ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነው፤ የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል!

ለሾፌር ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉ።