«ኳስ ኳስ ብቻ ነው» ለሚሉን

በዚህ ሰሞን በምግብ አዳራሹም በየመኝታ ክፍሉም የምንሰማው ክርክር አንድ ነው። ይኸውም ኳስ ተመልካች የሆነ ሰው ስለ ግቡ፣ ስለ ዳኛውና ስለ አሠልጣኙ ይናገር እንጂ የዓለምን ጣጣ ወደ ሜዳ ይዞ አይግባ የሚል ነው። ይህን የሚሉን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ክፉ አስበው አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በፈተና ሲታሹ ሰንብተው፣ ቅዳሜ ማታ አርሰናል ሲጫወት ለዘጠና ደቂቃ ዓለምን መርሳት ቢፈልጉ ማን ይፈርድባቸዋል? እኛም ከነሱው ጋር ተደርድረን የምንጮህ ቲፎዞዎች ነን። ዳሩ ግን አሳባቸው ከኳስ ታሪክ ጋር፣ ይልቁንም ከኢትዮጵያ የኳስ ታሪክ ጋር አልስማማ ብሎናል።

በ1957 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናል) ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ የአፍሪቃን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ የመጀመሪያው የዋንጫ ውድድር በካርቱም ተዘጋጀ። ደቡብ አፍሪቃ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ነበር መልሷ። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። መሥራቾቹም ይህን አንቀበልም ብለው ከውድድሩ አስወጧት። ደቡብ አፍሪቃ ልትጋጠም የነበረው ከማን ጋር ነው ቢባል ከኛው ጋር ነበር። ስለዚህ ቡድናችን አንድም ኳስ ሳይመታ ለፍጻሜ አለፈና በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈ። (አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው፤ ማስታወሱ ባይጣፍጠንም።)

በዚያ ጊዜ አብዛኛው የአፍሪቃ አገር ገና ነጻ አልወጣም ነበር። ፊፋ ደቡብ አፍሪቃን ያገደው ከአራት ዓመት በኋላ በ1961 ነው። እገዳውንም በ1963 አነሣ፣ በ1964 መልሶ ጣለ፣ በ1976 ፈጽሞ አባረራት። የእገዳው መነሣት የመጣው በስታንሊ ሩስ ዘመን «ፖለቲካን ከስፖርት እንለይ» እየተባለ ነው። ፖለቲካን ከስፖርት የለየ ማን ነበር? በቆዳ ቀለም ቡድን የሚመርጠው ወገንስ ስፖርተኛ ብቻ ነበርን?

የ1966ቱም የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ እንዲሁ ነው። ከ16ቱ ቦታ አውሮጳ 10 ወሰደ። ለአፍሪቃ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በአንድነት የተሰጠው 1 ብቻ ነበር። የአፍሪቃ አገሮች ይህን ንቀት አይተው ከማጣሪያው ወጡ። የቀረችዋን ቦታ ሰሜን ኮሪያ አገኘችና ኢጣልያን 1 ለ0 አሸንፋ ወደ ሩብ ፍጻሜ ገባች። እዚያም 3 ለ0 ስትመራ ቆይታ በፖርቱጋል 5 ለ3 ተሸነፈች። ከአምስቱ አራቱን ያገባው ኤውዜቢዮ ነው። የተወለደው በሞዛምቢክ፣ የተጫወተው ሞዛምቢክን በቅኝ ለያዘችው ለፖርቱጋል ነበር፤ የዚያ ውድድር ከፍተኛ ግብ አግቢም (9 ግብ) እሱው ሆነ። እንግዲህ አፍሪቃ በባንዲራዋ ቀርታ በልጇ እግር ተገኘች ማለት ነው። በ1970 ለአፍሪቃ አንድ የራሷ ቦታ ተሰጣት፤ በ2026ቱ ውድድር በቀጥታ የተመደበላት 9 ነው። ይህ ሁሉ የመጣው በ1966 ቀርተው ከነበሩት ሰዎች እምቢታ ነው ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። የካታሩን የ2022 ውድድር አይተናል፤ ሞሮኮ ከአፍሪቃ የመጀመሪያ ሆና ግማሽ ፍጻሜ ስትገባ በደስታ የጮኽን ነን። ያንኑ ወር ከውድድሩ ኃላፊዎች አንዱ፣ ከዝግጅቱ ጋር በተያያዘ ሥራ የሞቱት ሠራተኞች ከ400 እስከ 500 ይደርሳሉ ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ። የ2034ቱን ደግሞ ፊፋ በታኅሣሥ 2024 ለሳዑዲ ዓረቢያ ሰጠ። ውሳኔው የጸደቀው ድምፅ ተቆጥሮ ሳይሆን በጭብጨባ ነበር።

ሳዑዲ ዓረቢያ ለኛ በካርታ ላይ የምናያት አገር ብቻ አይደለችም። በዚያ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ተማሪ በመካከላችን ስንት ነው? የብዙዎቻችን የትምህርት ወጪ ከዚያ በሚላክ ገንዘብ ይሸፈናል። በ2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ገለጸ፤ የሳዑዲ መንግሥት አልተቀበለውም። ታዲያ ስታዲየሙን ማን ይሠራል፣ በምን ውል፣ ፓስፖርቱ በማን እጅ ሆኖ ብሎ የሚጠይቅ ቲፎዞ ጨዋታ አበላሸ ይባላልን?

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚሉንም አሉ። እውነት አላቸው፤ በገዛ ሜዳችን ስንት ጊዜ ግብ ሲገባ በመዝፈን ፈንታ የብሔር ስድብ ሲወራወሩ ሰምተናል። ይህም ቢሆን ኳስ ኳስ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል እንጂ አፋችንን አያስይዘንም። ሁለቱንም እንናገራለን።

ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ ማንም አይመልከት አላልንም። እኛ ራሳችን እንመለከታለን፤ ይህን ሸሽገን ጻድቅ መምሰል አይገባንም። የምንጠይቀው አንድ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በፊፋ ጉባኤ እንደ ማንኛውም አባል ድምፅ አለው። ስለ 2034ቱ ውድድር ሠራተኞች፣ ይልቁንም ስለ ኢትዮጵያውያኑ ደኅንነት ምን አቋም እንደያዘ ለተመልካቹ ሕዝብ በይፋ ይንገረን። የጥያቄውን ደብዳቤ አርቅቀናል፤ ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። የማንችስተርም ሆነ የአርሰናል ቲፎዞ መጥቶ አንብቦ የሚጨመር ካለው ይጨምር፣ ከተስማማም ይፈርምበት።