ቀጠሮ የማይያዝለት ማር

ፈረንሳይ ውስጥ ስመ ጥር የወይን ጠጅ ቤት ለመጎብኘት የሚያስብ አዲስ አበቤ መጀመሪያ ደጅ መጥናትን ይማራል። የቦርዶ ትልልቅ ርስቶች በር ተንኳኩቶ የሚገባባቸው አይደሉም። አስቀድሞ ይጻፍላቸዋል፤ ቀን የሚቆርጡትም እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ናቸው፤ ወይኑ በሚለቀምበት ሰሞን ደግሞ እንግዳ ማየት አይፈልጉም። ቡርጎኝ ያለው የሮማኔ ኮንቲ ርስት ጭራሹን ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ሰው ግን ይሄዳል፤ ከድንጋይ አጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ሁለት ሄክታር እንኳ የማይሞላውን ማሳ በዓይኑ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ችሎ፣ ቪዛ ለምኖ፣ ዩሮ አፈላልጎ የሚሄድ ወገን አለን፤ ደግ አደረገ። የሚያናድደኝ ይኸው ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲነዳ አዊ ዞን ላይ የሚያደርገው ነው። ዘንገና ሐይቅ ዳር ወርዶ ፎቶ ይነሣል። እንጅባራ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና «ማሩ ንጹሕ ነው?» ይላል፤ ዋጋ ይከራከራል፤ አንድ ባልዲ አስጭኖ ዳንግላን ሳያያት ያልፋል። ከየትኛው ቀበሌ መጣ፣ ንቧ ምን አበባ ቀሰመች፣ መቼ ተቆረጠ ብሎ አይጠይቅም። ቢጠይቅም መልስ አያገኝም፤ ሻጩ ራሱ ከሦስትና ከአራት ሰው የገዛውን አንድ ላይ ገልብጦታልና።

ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በስብሰባውም በባዛሩም ሰምተነዋል። ሎጅ ይሠራ፣ ማሩ በሚያምር ጠርሙስ ይታሸግ፣ የፈረስ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይለጠፍበት፣ ጠጁም እንደ ወይን በብርጭቆ ይቅረብ፤ ጎብኚው ይመጣል ይባላል። ፈረንሳዮችን ያስከበረው ቤተ መንግሥት የሚመስለው ሕንፃቸውና የጠርሙሳቸው ማማር ነው ብሎ ከማመን የመጣ መፍትሔ ነው። እኔ ደግሞ ያስከበራቸው የደላላ ደብተር ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1855 ሦስተኛው ናፖሊዮን በፓሪስ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ የቦርዶ ወይን በደረጃ ተለይቶ እንዲቀርብ ተጠየቀ። ደረጃውን ያወጣው የወይን ቀማሾች ጉባኤ ወይም ሚኒስቴር አይደለም፤ የከተማዋ የወይን ደላሎች ናቸው። ደላሎቹ የተቀመጡት ለመቅመስ አልነበረም። የየትኛው ርስት ወይን ለረጅም ዘመን በምን ዋጋ ሲሸጥ እንደኖረ ተጽፎ ስለነበር ያንን አገላብጠው ቀዮቹን በአምስት እርከን ደረደሯቸው። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን አንደኛ ሆኑ። ዝርዝሩ ዛሬም ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው፤ ትልቁ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ሙቶን ሮችልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ መውጣቱ ነው። የኛ ሰው ኢሜይል ጽፎ ቀጠሮ የሚለምነው እንግዲህ አንድ መቶ ሰባ ዓመት ያለፈውን የገበያ ዋጋ ዝርዝር ይዞ ነው ማለት ይቻላል። ቅዱስ ነገር የለበትም። ደንበኛ የንግድ መዝገብ ነው።

የሻምፓኝ ታሪክ ደግሞ ለአዊ ይበልጥ ይቀርባል። እዚያ ወይን የሚያለማው ገበሬ ሌላ፣ አጣርቶ በጠርሙስ የሚሸጠው ነጋዴ ሌላ ነበር። አንዳንድ ነጋዴዎች ከሎዋር ሸለቆና ከደቡብ ፈረንሳይ ርካሽ ወይን እያስመጡ ሻምፓኝ ብለው ይሸጡ ጀመር፤ የአገሬው ገበሬ ፍሬውን የሚገዛው አጣ። እ.ኤ.አ. በ1911 ገበሬው ተነሣ። አይ በምትባለው ከተማ የነጋዴዎች ቤቶች ተሰበሩ፣ ተቃጠሉ፤ መንግሥት ጦር ላከ። በየትኛው መሬት የበቀለ ወይን በየትኛው ስም ሊሸጥ እንደሚችል የሚወስነው ሕግ ከእንዲህ ያለው ጠብ እየተጎተተ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1935 አገር አቀፍ ሥርዓት ሆነ። ዛሬ ጎብኚው በጸጥታ የሚወርድበት የኖራ ድንጋይ ምድር ቤት ጀርባው ይህ ነው፦ የእኔን ከሌላው ጋር አትቀላቅልብኝ ያለ ገበሬ።

የእኛ ማር ከዚህ አንጻር ምን ጎደለው? «ወይን ሥር አለው፣ ንብ ግን ትበራለች» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ንብ ትበራለች፤ ሩቅ ግን አትሄድም። አብዛኛውን የምትቀስመው ከቀፎዋ ዙሪያ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ካገኘችው አበባ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ደጋ ናት፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቻግኒ የሚወርድ ሰው በአንድ ጉዞ ሞቃት ምድር ይገባል። አደይ አበባው፣ ግራዋው፣ ብሳናው፣ ኑጉ፣ ባሕር ዛፉ የሚያብቡበት ወር ይለያያል፤ ስለዚህ በእንጅባራ ዙሪያ ያለው የባንጃ ማርና በቻግኒ ዙሪያ ያለው የጓንጓ ማር አንድ ሊሆን አይችልም። ይህን ደግሞ ጣቱን አጥልቆ የሚቀምስ ማር ገዢ ከኔ በላይ ያውቀዋል። ያውቅና ለብቻ ለብቻ የገዛውን በአንድ ጀሪካን ይገለብጠዋል።

ከጀሪካኑ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። የአገራችን ማር ከሚበላው የሚጠጣው ይበዛል፤ ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። ጠጅ ቤቱም ማሩ ሲወደድበት ስኳር ይጨምራል፣ ቢጫ ቀለም ያገባል። ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ማሩ ምን ያህል ውኃ እንደሚችል፣ ጌሾው መቼ እንደሚወጣ በምላሳቸው ያውቁታል፤ የስኳሩ ጠጅ ግን ያን ሙያ አይፈልግም። ብርሌው ያው ብርሌ ስለሆነ ጠጪው አይጠረጥርም፤ ቢጠረጥርም የሚያመሳክርበት የለውም። እንዲህ ያለውን ጠጅ በክሪስታል ብርጭቆ ማቅረብ ለብርጭቆው ነጋዴ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

በስም የመነገድ ጉዳይ የፈረንጅ ብልሃት ነው፣ ከኛ ጋር አይሄድም የሚል ካለ ዝዋይን ይይ። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ ያመጣቸውን ሜርሎን፣ ካቤርኔንና ሲራን የመሰሉ የወይን ዝርያዎች በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ዋዜማ እዚያ ተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠርሙሱን ገበያ አወጣ። በጠርሙሱ ላይ ቦርዶ ብሎ አልጻፈም። ስምጥ ሸለቆ አለው፣ ግራር አለው፤ በእንግሊዝኛና በፈረንጅ ፊደል ይሁን እንጂ የኛኑ መሬትና የኛኑ ዛፍ። የመጣ ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ የመሬቱን ስም ገንዘብ አደረገው፤ አዊ ከአያት ከቅድመ አያት ሲቆርጠው የኖረው ማር አሁንም «የጎጃም ማር» እየተባለ መርካቶ ይገባል። መንግሥትም ቢሆን ሲፈልግ ስም ማስከበር ይችላል፤ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉት የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ይመዝገቡ ብሎ ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሷል።

መደራጀት አልለመድንም የሚለውም አያዋጣም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው አዊ ስለ መደራጀት ትምህርት እንደማያስፈልገው ያውቃል። የአዊ ገበሬ ዋጋ አይከተልም የሚል ካለ ደግሞ ፋግታ ለኮማን ይጠይቅ፦ ከሰል ዋጋ ሲያወጣ ገበሬው ማሳው ላይ ደከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሎ የወረዳውን መልክ ለወጠው። ማሩ ላይ እንዲህ ያልሆነው ጥሩውን ማር ከመናኛው ለይቶ የሚከፍል ዋጋ ስላላየ ነው። ለምርጡም ለተቀላቀለውም በኪሎ አንድ ዋጋ የሚከፈለው ሰው ማሩን ለይቶ ለምን ይደክማል?

ስለዚህ ሎጁ ይቆይ። የሚቀድመው መዝገብ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የንብ አናቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለጀማሪም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይበቃል፤ በየመኸሩ የየቀበሌው ማር በየትኛው ሳምንት እንደተቆረጠ፣ ከምን አበባ እንደሆነ፣ ዳንግላና እንጅባራ ገበያ ላይ ስንት እንዳወጣ ይጻፍ። አሥር ዓመት ይጻፍ። ዳንግላ ለደብተር እንግዳ አይደለችም፤ ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ቆንስል ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚያ ተቀምጦ የጣናን ደሴቶችና የአባይን መንገድ እየዞረ መዝግቦ መጽሐፍ አውጥቶበታል። ማራችንን ለመመዝገብም ሌላ ቆንስል እስኪመጣ እንጠብቅ ይሆን?

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው፤ ስለ ጎብኚ የሚወራበት ጊዜ ነው ወይ የሚለኝ ይኖራል። ስለ ጎብኚው ልክ ነው፤ ይቆይ። ማሩ ግን በጦርነቱም ይቆረጣል፣ ይሸጣል፣ ይገለበጣል። ደብተርና እስክሪብቶ ደግሞ የመንገድ መከፈትን አይጠብቁም።

የሚከብደው ሌላ ነው። የትኛው ቀበሌ ምን ዓይነት ማር እንዳለው ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ነጋዴው ነው፤ ትርፉም ያለው እሱ ሲያውቅ ገበሬው ባለማወቁ ላይ ነው። የቦርዶ ደላላ ደብተሩን የገለጠው ዝርዝሩ ለራሱ ስለሚበጀው ነበር። የእንጅባራው ማር ነጋዴ ደብተሩን እንዲገልጥ ምን ይሰጠዋል? ሎጅ ይሠራ እያልን ስንሰበሰብ ይህን ጥያቄ አጀንዳ ያደረገ ስብሰባ አላጋጠመኝም።