ሞፈርም ምጣድም የሚይዝ ሰው ምን አጠፋ?

 ዛሬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

በእኛ አገር ወንድ ምጣድ ላይ መቆሙ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ሚስት እያለችው ሲቆም ነው። እስቲ አስቡት፤ ከገጠር መጥታችሁ አዴት ቤት ተከራይታችሁ ስትማሩ ወጡን ማን ሠራላችሁ? ወታደር ካምፕ ውስጥ ይቀቅላል። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ የሚያበስለው ወንድ ደመወዙን ይዞ ሲመጣ ይከበራል። ቤተ ክርስቲያንም ሂዱ፤ የቅዳሴው ኅብስት ቤተልሔም ውስጥ በዲያቆን እጅ ነው ተቦክቶ የሚጋገረው። ከዚያ በላይ የተከበረ ዳቦ የት አለ?

ይኸው ወንድ ትዳር ይዞ፣ ሚስቱ ገበያ ውላ ደክሟት ስትመጣ ወጥ ሠርቶ ቢጠብቃት ግን ስሙ ወዲያው ይቀየራል። ወንዶቹ ‹‹ሴታ ሴት›› ይሉታል። ሴቶቹም አይምሩትም፤ ‹‹መስተፋቅር አቅምሳው ነው›› እያሉ ሚስቲቱን ያሟታል። (እኔም ተብያለሁ፤ ሽሮዬን የቀመሰ ግን እስካሁን አላማረረም።) ሰውየው እኮ ወንድነቱን አልጣለም፤ በማግስቱ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ሰው ያልታገሠው መመላለሱን ነው። ቸግሮት ቢሠራው ያዝኑለታል። ወዶ፣ አንድ ቀን እዚህ አንድ ቀን እዚያ ሲሆን ግን ሁለቱም ወገን አያምነውም።

ነገሩ የወጥ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ማን ያዛል ማን ይታዘዛል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር፤ ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱ ሥራ የእሷ ነው እስከማለት ደርሷል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ በ1995 ዓ.ም. ያንን ሽረው ባልና ሚስትን እኩል አደረጉ። ወረቀቱ ከተቀየረ ስንት ዓመቱ! ዛሬም ግን ‹‹በዚህ አንቺ ወስኚ፣ እኔ እታዘዛለሁ›› የሚል ባል ‹‹ሚስቱ የምትነዳው›› ነው የሚባለው።

በሴቷ በኩል ሲሆን ደግሞ ዋጋው በኩንታል ይቆጠራል። በእኛ ይልማና ዴንሳ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ እርፍ መጨበጥ ግን አይሆንም። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይ የፈታች ሴት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች። 10 ኩንታል ጤፍ ቢገኝ 5ቱ የአራሹ ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟም ፎቶዋም አለ፤ ጎተራዋ የሚገባው ግን ግማሹ ነው። በሬ ማጣት አንድ ነገር ነው። በሬም ጉልበትም ያላትን ሴት የሚያስቆማት ግን ‹‹ወንዳ ወንድ›› መባል ነው።

‹‹የማይሆን ነገር አታውራ›› ለምትሉኝ፣ ሩቅ አገር አልጠቅስም። እዚሁ ፎገራ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ አውራ አምባ አለች፤ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተች። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል፤ ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ ነው። የእምነት አቋማቸው ላይ አልስማማም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ጎረቤት አገለላቸው፤ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ቦንጋ ድረስ ተሰደው ነበር። ዛሬ ከየአገሩ ጎብኚ ይመጣላቸዋል። እኛም ሄደን፣ አድንቀን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን፤ ቤት ስንገባ ‹‹ራት ቀርቧል ወይ?›› እንላለን።

ከተማሪዎቼ መካከል የግብርና ባለሙያ የሆናችሁ፣ ቀበሌ የምትሠሩ አላችሁ። በዚህ ክረምት እርፍ የጨበጠች ሴት ካያችሁ ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጿት። ትልሙ ከጠመመባት አሳዩዋት፤ አንድ በሬ ብቻ ካላትም የሚቀናጃት ሰው ፈልጉላት።