ስመኝ፦ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። መልአኩ ስሙን ካወጣ በኋላ አነባበቡን ለማን እንዳስተማረ ግን አልነገሩንም። አጠራሩን የማስተማሩ ሥራ ዕድሜ ልክ የሚቀረው ለባለ ስሙ ነው። ይህን ሸክም ከሚያውቁት ሴቶች አንዷ ነኝና ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

ስሜ ስመኝ ነው። የተወለድሁት ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ አካባቢ ባለችው በገሳይ ነው። ገብስና ድንች በሚበቅልበት በዚያ ደጋ ስሜ ለማንም አፍ አልከበደም። እናቴ ከአምስት ወንዶች በኋላ ሴት ልጅ ስትመኝ ወለደችኝና ምኞቷን ስም አደረገችው። ጎረቤቱ ታሪኩን ስለሚያውቅ ስሙንም አይስተውም ነበር።

አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝጋቢው «ስም?» ይለኛል። «ስመኝ» እላለሁ። ብዕሩን እንዳነሣ ይጠብቀኛል። ጥቂት ቆይቶ፣ «እሺ፣ ስሜን ብለሻል፤ ስምሽን ማን?» ይላል። ሌላው «ሰሜን» ብሎ አቅጣጫ ያደርገኛል። ሌላው «ስመኝሽ ለማለት ፈልገሽ ነው» ብሎ ያርመኛል። ፊቴን ያላየ ጸሐፊ ደግሞ ደብዳቤውን «ለአቶ ስመኘው» ብሎ ይጽፈዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም «ኝ»ን ለመወከል «ጂ» እና «ኤን» ይጣመራሉ፤ ባዕድ አንባቢ ሁለቱን ነጣጥሎ «ሲሜግን» ይለኛል።

ለምን እንዲህ ሆነ? እስቲ ስሙን እንፍታው። በስመኝ ውስጥ «መ»ም «ኝ»ም ጠብቀው ይነበባሉ፤ ትርጉሙም «እኔ እየተመኘሁ ሳለ» ማለት ነው። ይህች «እኔ» ደግሞ ባለ ስሟ አይደለችም፤ እናት ናት። ስመኘው «ው»ን ይዟል፤ ስመኝሽ «ሽ»ን ይዛለች፤ የተመኙት ማንን እንደ ሆነ መድረሻቸው ይናገራል። የእኔ ስም ምኞቱን ብቻ ተናግሮ ያቆማል። በሰዋስው ዓይን ጥገኛ ሐረግ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ ገና አልመጣም። ሰሚው ሁሉ ሊጨርስልኝ የሚቸኩለውም ለዚህ ይመስለኛል። እናቴ ግን እንዲያ ክፍት አድርጋ የተወችው ሌላ ሰው እንዲሞላው አልነበረም።

በደሉን ሁሉ በአንባቢው ላይ መጫን አይገባም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው በምልክት አይለይም። «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ ከዐውዱ እንረዳለን። ስም ግን በመዝገብ ላይ ብቻውን ስለሚቆም ዐውድ የለውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኑረው ነበር። ልማዱ አልተስፋፋም። የመጽሐፉ ወዳጆች ያቺን ነጥብ እንደ ተራ የአጻጻፍ ጉዳይ ልታዩአት ትችላላችሁ። እኔ ግን ሳያት የእናቴ ድምፅ በጽሑፍ ሊቀመጥበት ይችል የነበረ ስፍራ ትመስለኛለች።

«ስም መጠሪያ ብቻ ነው፤ ምን ያካብደዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለእርሱ ከአገሬ ታሪክ አንድ ምሳሌ አለኝ። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው የነበሩት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ፣ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ዐረፈ። በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ባለው የመታሰቢያ ጽሑፍ ላይ ስሙ «አላማዩ» ተብሎ ሰፍሯል። ዓለማየሁ ማለት «ዓለም አየሁ» ነው፤ በልጁ መወለድ የተደሰተ ወላጅ የተናገረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። መድረሻዋ «ሁ» ስትወድቅ «አየሁ» ያለው ወላጅ ከስሙ ውስጥ ይወጣል። እናቱም ብትሆን አልቀረላትም፤ እቴጌ ጥሩወርቅ በአንዳንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ጥሩነሽ ተብላ ትገኛለች። እናትና ልጅ ከአገርና ከዙፋን በተጨማሪ ከስማቸውም ጥቂት ተቀንሶባቸዋል።

ወዳጆቼ ሁለት መፍትሔ ያቀርቡልኛል። አንዱ «ሲሚ» መባል ነው፤ ሁለተኛው በፍርድ ቤት አስቀይሮ ከተሜ ስም መያዝ። የቀየሩትን አልነቅፍም፤ በስሟ ምክንያት በክፍል ውስጥ የተሣቀባት ሴት መገላገል ብትፈልግ መብቷ ነው። የምቃወመው ሁልጊዜ እንድትታጠፍ የሚጠበቅባት ባለ ስሟ መሆኗን ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ ስሟን ሰምተው የማያውቁ የዓለም ጋዜጠኞች አጠራሩን ለመልመድ ምላሳቸውን አፍታቱ። መልመድ ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ ገብስ የምታጭደው፣ ወረፋ የምትጠብቀው፣ ፈተና የምትቀመጠው ሴት በስሟ ለመጠራት ሜዳልያ ያስፈልጋታልን?

ይህ ጥያቄ ወደ አማርኛ ተናጋሪውም ይዞራል። የኦሮምኛውን «ዸ» በ«ደ» ወይም በ«ጠ» ተክቶ ማለፍ፣ የሌላውን ሰው ስም ለራስ አፍ በሚመች መንገድ ማጣመም፣ ያው እኔን የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ስሜ በትክክል እንዲጠራ የምሻ ከሆነ፣ የጎረቤቴ ልጅ ስምም በእናቷ አፍ እንደ ተጠራ ሊጠራ ይገባዋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአንድ ጥያቄ ያህል ትዕግሥት ብቻ፦ «እንዴት ተብሎ ነው የሚነበበው?» በትምህርት ቤት ስም የሚጠሩ መምህራን፣ በየመስኮቱ የሚጽፉ መዝጋቢዎች፣ በመድረክ ላይ እንግዳ የሚያስተዋውቁ ሰዎች ይህችን ጥያቄ አስቀድመው ቢጠይቁ ጊዜ አይወስድባቸውም። ለተጠየቀችው ግን ትልቅ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ለጠየቀኝ ሁሉ ሳልታክት እመልሳለሁ፦ «መ»ን አጥብቅልኝ፣ «ኝ»ንም አጥብቅልኝ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አትጨምርበት።