የሰፈር አትክልት ቦታ ስትከፋፈሉ ከዕጣው በፊት ይሄን እዩ

ክረምቱ እየወጣ ስለሆነ ዛሬ ስለ ችግኝ ማፍያ መደብ ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን ከወሰን አካባቢ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለደጋገማችሁብኝ እሱን ላስቀድም። «ኮሚቴው ባዶውን ቦታ ለአትክልት ሊያከፋፍል ነው፤ ለማን ይድረስ? በምንስ ይለካ?» ነው ጥያቄያችሁ።

የሌማት ትሩፋት በህዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጦሙን ያድር የነበረ ቦታ ብዙው ተቆፍሯል። በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሃል፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በወንዝ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ማየት ብርቅ አይደለም። ፈላጊው በዛ፣ ቦታው ግን ያው ነው። የሰፈራችን ስም ወሰን ሆኖ እኛ በወሰን እንጣላለን!

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ሰፈር ላይ «ቀድሞ የመጣ ይመዝገብ» ብዬ ምዝገባ ከፈትኩ። ቀኑ የሥራ ቀን፣ ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት። በግማሽ ቀን ሞላ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሪፖርቴን ጻፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ በዚያ ሰዓት እኮ እኔ ምጣድ ላይ ነኝ» አሉኝ። ዝርዝሩን መልሼ ሳየው ከአንድ ግቢ ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ የቀን ሠራተኛ የሚባል ግን አንድም የለም። ያን ዓመት የቦታው ግማሽ አረም ሆኖ ከረመ። ቀድመው የመጡት ወሬውን ቀድመው የሰሙት ናቸው፣ መቆፈር የፈለጉት አይደሉም።

ታዲያ ዕጣ አይሻልም ወይ? ይሻላል፣ እኔም የማምነው በዕጣ ነው። ግን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣውን የኮንዶሚኒየም ዕጣ አስታውሱ። ዕጣው የወጣው በኮምፒውተር ነበር፤ የማይገባቸው ሰዎች ስም መረጃው ውስጥ ስለተገኘ ተሰረዘና በህዳር 2015 እንደገና ወጣ። ችግሩ የነበረው ዝርዝሩ ላይ ነው። ስለዚህ እናንተም መጀመሪያ ዝርዝሩን አጥሩ። ምዝገባው እሁድም፣ አመሻሽም ይሁን። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ስም ብቻ ይያዝ፤ የራሱ ጓሮ ያለው ሰው በዚህ ዙር ይቆይ። ከዚያ ዝርዝሩ ሰው በሚያልፍበት ቦታ አንድ ሳምንት ተለጥፎ ይክረም። «እገሌ እኮ ሁለት ቤት አለው» የሚለው ሰው ይናገር፣ ከዕጣው በፊት።

አሁን ብዙ ኮሚቴ የሚስተው ነገር ጋ ደረስን፤ እኩል ስፋት እኩል መሬት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ይሄ ገብቷቸው ነበር። በየቦታው መሬቱን ለምና ጠፍ ብለው ለዩና ለእያንዳንዱ ከሁሉም ቆንጥረው ሰጡ። ፍትሐዊ ነበር፣ ገበሬው ግን ማሳው እዚህም እዚያም ተበጣጠሰበት። ሃያ ካሬ ሜትር ላይ እንዲህ መቆራረጥ አይታሰብም።

እኔ የምላችሁ፣ ገመድ ከመጣላችሁ በፊት ዶማ ይዛችሁ አራት አምስት ቦታ አንድ አንድ ክንድ ቆፍሩ። እኛ ሰፈር ከላይ አፈር መስሎ ከታች የግንባታ ፍርስራሽ የሆነ ሞልቷል። እንጦጦ ሥር ስለምንኖር ደግሞ የባህር ዛፍ ነገር አለ፤ ዛፉ ጥግ የደረሰው ሰው ያጠጣውን ውሃ ሥሩ ይሻማዋል። ለዚያ ሰው ቦታውን ሰፋ አድርጉለት፣ ውሃ አጠገብ ጥሩ አፈር ላይ ያለውን ጠበብ አድርጉት። በስፋት ሳይሆን በሚሰጠው ምርት ተቀራረቡ።

የውሃው ነገር ከአፈሩም ይብሳል። በበጋ ሃያ ካሬ የአትክልት መደብ በቀን ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በ20 ሊትር ጀሪካን አራት አምስት ምልልስ ማለት ነው። ይሄን የሰባ ዓመት አዛውንት ዳገት ለዳገት ያመላልሱ? ቧንቧ አጠገብ ያሉትን ቦታዎች ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለነፍሰ ጡሮች አስቀሩና የእነሱን ዕጣ ለብቻ አውጡ። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ያላቸው ገበሬዎች የውሃ አባት መርጠው ተራ ያስከብራሉ፤ እናንተም አንድ ሰው ምረጡ፣ ከኮሚቴው ውጭ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ለጀማሪ ስንት ይበቃል? አሥር ካሬ። በእንግሊዝ አገር ለነዋሪ የሚሰጠው የተለመደ ሙሉ ቦታ 250 ካሬ ገደማ ነው፤ ወረፋው ስለረዘመ ግን ብዙ ቦታ ለአዲስ ሰው ግማሹን መስጠት ጀምረዋል። አሥሩን ካሬ በደንብ ያለማ በሚቀጥለው ዙር ይጨመርለት። ቆስጣ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ መቆረጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ በ60 ቀን ያልተነካ ቦታ ለተጠባባቂ ይተላለፍ። የተጠባባቂዎቹ ተራም በዕጣው ዕለት በዕጣ ወጥቶ እዚያው ይነበብ። ወሊድ፣ ሕመምና ለቅሶ ሲኖር ጎረቤት ይያዝለት። ለዚህስ አዲስ ደንብ አያስፈልግም፣ እድር ያስተማረን በቂ ነው።

«ሥራ አጥ ወጣት በማኅበር ተደራጅቶ ሁሉንም ይውሰድ» የምትሉ አላችሁ። እኔም ወጣት ነኝ፣ ሐሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን ሃያ ሃያ ካሬ እየለቀሙ ለማኅበር መስጠት ወጣቱን ሥራ አያሲዘውም፣ እናቶችንም ከወጥ ጎመናቸው ያስቀራል። ሰፊ ቦታ ካለ ለማኅበሩ ለብቻው ይታሰብ።

መሬቱ የመንግሥት መሆኑንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። መሸጥና ማከራየት አይቻልም፣ ነገ ለግንባታም ሊፈለግ ይችላል። ይሄ በጽሑፍ ይሰጣቸው፤ ዓመታት የሚወስድ የፍራፍሬ ዛፍ ተክለው በኋላ እንዳያለቅሱ።

ያቺ ምጣድ ላይ የነበሩት እናት ዛሬም ቦታ የላቸውም። በዚያው ሰፈር ሦስት መደብ ዘንድሮም ሳይነካ ስላለፈ ለኮሚቴው አመልክቻለሁ፤ እሁድ ከሰዓት ስብሰባ አለን። የሰፈሩ ሰዎች ኑና አብረን ዝርዝሩን እንየው፣ ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይምጣ።