ቢራው ይታጠር

በአሜሪካ ከተሞች የኤልጂቢቲኪው ማኅበረሰብ በዓል የሆነው የፕራይድ አዘጋጆች «ማንንም አናገልም» ማለት ሲፈልጉ ቶሎ ብለው የሚጠቁሙት ነገር አለ፤ ከአልኮል ነጻ የሆነውን ድንኳን። ገባ ብለው ቢያዩት ታጣፊ ወንበሮች፣ በበረዶ የተሞላ የውሃ ሣጥን፣ በፈገግታ የሚቀበሉ በጎ ፈቃደኞች። ደግ ነገር ነው። ወጥተው ቀና ሲሉ ግን ዋናው መድረክ ላይ የተንጣለለው የቮድካ ወይም የቢራ ኩባንያ ስም ነው። መጠጥ ያቆመ ሰው ጥጉን ያገኛል፤ አደባባዩ የጠጪው ነው።

ድንኳኑን አልቃወምም። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ያቆሙት ከመጠጥ ጋር ታግለው የተረፉ የኤልጂቢቲኪው ማኅበረሰብ ልጆች ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ካስትሮ ካንትሪ ክለብ የሚባለው አልኮል የማይገባበት መሰብሰቢያ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። እኔን የሚያናድደኝ አዘጋጆች የእነዚህን ሰዎች ልፋት ለቢራ ገንዘባቸው ማስተሰረያ ማድረጋቸው ነው።

ለምን ቢባሉ «ባሩ ቤታችን ነበር» ይላሉ። ታሪኩስ እውነት ነው፤ ሚያዝያ 1966 ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት የሚሟገተው የማታሺን ማኅበር አባላት ኒው ዮርክ ውስጥ ጁሊየስ ወደተባለው ባር ገብተው፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆናቸውን ተናግረው መጠጥ አዘዙ። አስተናጋጁ አላስተናግድም ብሎ ብርጭቆውን በመዳፉ ሲከድን የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። የተጠየቀው ግን እንደ ማንም ሰው መስተናገድ ነበር፤ መጠጡ ሰበብ ነው። በ1969 የማኅበረሰቡ ዐመፅ የተነሣበት ስቶንዎል ኢን የተባለው ባር ደግሞ ማፊያ የያዘው፣ የመጠጥ ፈቃድ የሌለው፣ ውሃ የተቀላቀለበትን መጠጥ በውድ የሚሸጥ ቤት ነበር። ደንበኞቹ ሌላ መሄጃ ስላልነበራቸው ነው የከፈሉት።

አብሶሉት ቮድካ በ1981፣ ሌላው ኩባንያ ሲሸሽ፣ ዘ አድቮኬት በተባለው የማኅበረሰቡ መጽሔት ማስታወቂያ ማውጣቱም ይነሣል። ይሁን፣ ውለታ ነው። ነገር ግን ቮድካም ተሽጦበታል፤ ሂሳቡ ከተወራረደ ቆይቷል።

እንግዲህ ነገሩ ይገልበጥ። የሚታጠረው ቢራው ይሁን፤ መድረኩ፣ ጭፈራው፣ ጥላው ያለበት ሜዳ ሁሉ አልኮል አይግባበት። መጠጣት የፈለገ አጥሩ ውስጥ ገብቶ ይጠጣና ይመለስ፤ ማንም አይከለክለውም። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ 21 ዓመት ያልሞላው መጠጥ አይሸጥለትም። ቤተሰቡ ያልተቀበለው የ18 ዓመት ልጅ በዓሉን ከማንም በላይ ይፈልገዋል፤ ጠርሙስ የነገሠበት ሜዳ ግን ለሱ አልታሰበም።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ቢራ ጠማቂው አንሃይዘር ቡሽ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት በሴንት ሉዊስ ከተማ ከ30 ዓመት በላይ ስፖንሰር ሲያደርገው ከኖረው ፕራይድ በ2025 ወጣ። አዘጋጆቹ ጉድለቱን ለመሙላት ከሕዝቡ መዋጮ ጠየቁ፤ በዓሉም በዚያው ሰኔ ተከበረ።