በርገር ቤቶች ሆይ፣ ክትፎ ጀምሩ!

ሰሞኑን እኛ ዘንድ ክርክር ተነስቷል። ቦሌና ሃያ ሁለት አካባቢ እንደ አሸን የፈሉት በርገር ቤቶች «ጉርሜ» የሚል ቅጽል ለጥፈው ዋጋውን ሰማይ ሰቅለውታል። ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም? ግማሻችን «ሙዚቃው፣ መብራቱ፣ ጨዋታው ሁሉ ተደምሮ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ቅዳሜ ማታ መቀመጫ አይገኝም፣ ሰፈሩ ሞቅ ደመቅ ይላል፣ እኛም እንወደዋለን። ግን ለመብራቱ ስለከፈልን ስለ ሥጋው ዝም እንበል እንዴ?

ጥሩ በርገር ስብ ይፈልጋል። ሙያው ያላቸው ሰዎች ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ይሁን ይላሉ። ያለዚያ ምጣዱ ላይ ይደርቅና የጫማ ሶል ይሆናል። ክትፎ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጮማና ጅማት የወጣለት ቀይ ሥጋ፣ ቅባቱን ከንጥር ቅቤው የሚያገኝ። የፈረንሳዮቹ ታርታርም እንደዚያው ቀይ ሥጋ ነው፣ በጥሬ የእንቁላል አስኳል፣ በሰናፍጭና በሽንኩርት የሚለወስ። እንግዲህ በርገርና ታርታር አንድ ሜኑ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለወጥ ቤቱ ያዋጣል። ቀዩ ለአንዱ፣ ጮማው ለሌላው። የሚጣል የለም፣ የሚያድርም ጥቂት ነው።

እዚህ ከተማ ግን ሁለቱ የተፋቱ ይመስላሉ። ክትፎ ቤት ሌላ፣ በርገር ቤት ሌላ። የውጭ ሜኑ ገልብጦ «ታርታር» የሚጽፍ ቤት ሲገጥመን ደግሞ ሳቃችን ይመጣል። ጉራጌ በቢላ ከትፎ፣ በሚጥሚጣና በቅቤ ለውሶ፣ ከቆጮና ከአይብ ጋር ሲያቀርብልን የኖረው ምን ነበር? ያንን ለማዘዝ የፈረንሳይ ስም ያስፈልገናል?

ቀልዱን እንተወውና ዋናው ነገር ጤና ነው። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ሥጋ ሲጠበስ ላዩ ላይ ያለው ይሞታል፤ የተፈጨው ግን መሃሉም መብሰል አለበት። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለተፈጨ የበሬ ሥጋ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው አሜሪካ በደንብ ያልበሰለ በርገር ከ700 በላይ ሰዎችን አሞ 4 ሕፃናትን ገድሏል። ስለዚህ «መሃሉ ቀላ ይበልልኝ» የምትሉ አራዶች፣ መጀመሪያ «መቼ ተፈጨ? እዚሁ ነው የተፈጨው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ኮርኒሱን ማየት ከጀመረ በደንብ አብስሉልኝ በሉ።

(ክትፎም ቢሆን ንጹሕ መልአክ አይደለም። ጥሬ ሥጋ ምንጊዜም አደጋ አለው። የሥጋው ትኩስነት ኮሶን አይከላከልም፣ ልብልብም አያስጥልም። የቄራ ምርመራ ማህተም የሌለበትን ሥጋማ ጥሬውን አንነካም።)

ጥያቄያችን ይኸው ነው። ባለ በርገር ቤቶች፣ ሥጋውን ሳይፈጭ በብልት ግዙ፣ ማታ ማታ ለሚሸጠው ያህል ብቻ እዚያው ፍጩ፣ ቀዩን ደንበኛ ሲያዝ በቢላ ክተፉልን። ዕውቀቱን ከውጭ አገር ማስመጣት አያስፈልግም፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ክትፎ ቤት ውስጥ ሞልቷል። ያኔ «ጉርሜ» በሉት፣ እኛም ሳናጉረመርም እንከፍላለን።

በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ገበያው ሲቀዘቅዝስ ለምትሉ፣ ችግር የለም፣ የሥጋው ወፍጮ ይረፍና የምስር በርገር ሥሩልን። የፋሲካ ማግስት ግን ከቅበላ የተረፈውን ከፍሪዘር እንዳታወጡብን!